የእናቴ እኩል

«ሲስተሙ ላይ በእናትሽ ስም ምንም መሬት የለም» አለኝ የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ፣ ከኮምፒውተሩ ቀና እንኳ ሳይል። ከቢቸና ሞጣ ድረስ የሄድኩት እኮ ለቀላል ጉዳይ ነበር። እናቴ አርጅታ እኔ ጋ ከገባች ወዲህ፣ በሕይወት ሳለሁ ይለቅልኝ ብላ መሬቷን በስሜ ልታዛውረው ፈልጋ ነው።

«ታዲያ በማን ስም ነው?» አልኩት። የአራሻችንን ስም ነገረኝ።

አራሻችን የምለው አባቴ ከሞተ ጀምሮ መሬታችንን በእኩል የሚያርሰውን ጎረቤት ነው። እናቴ በሬ የላትም፤ እሱ ጥማድ በሬ አለው። ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ይወቃል፤ ምርቱ አውድማ ላይ ለሁለት ይከፈላል። እናቴ «ልጄ» ነው የምትለው። መሬት ለኪዎቹ ሞጣ አጠገብ ያለው ቀበሌያችን በመጡ ሰሞን እሷ ታማ እኔ ጋ ቢቸና ተኝታ ነበር። ልጇ ታዲያ ማሳው ላይ ቆሞ «የኔ ነው» አለ፤ አዋሳኞቹም ሲጠየቁ ዝም አሉ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። እሱ አጥር መነቅነቁም አልበቃው።

ከጽሕፈት ቤቱ እንደወጣሁ በቀጥታ ወደ አራሹ ቤት ሄድኩ። «እንኳን ደህና መጣሽ፣ ግቢ እንጂ» አለኝ፣ ምንም እንዳላደረገ ሰው።

«አልገባም። መሬቱ እንዴት ያንተ ሆነ?»

«ያረስኩት እኔ ነኛ።»

«የአንተ ከሆነ በየዓመቱ እህሉን ለእናቴ ስትሰጥ የኖርከው ለምንድን ነው?»

«እሱማ ለነፍሴ ብዬ ነው። ባሏ የሞተባት ናት ብዬ ነው የረዳኋት።»

ደሜ የፈላው እዚህ ላይ ነው። መሬቷን መውሰዱ አንሶት እናቴን ለማኝ አደረጋት። በእኩሏ አድራ፣ በእኩሏ እኔን አስተምራ፣ ማንም ፊት እጇን ዘርግታ የማታውቅ ሴት ናት።

ቢቸና ተመልሼ ነገርኳት። መሬቱ መወሰዱን እንደተጋደመች ሰማች። «ለነፍሴ ብዬ ነው የረዳኋት» ማለቱን ስነግራት ግን ከተጋደመችበት ተነሥታ ነጠላዋን ፈለገች። «ውሰጂኝ» አለች።

በጸጥታ ችግር የተዘጋው መንገድ እስኪከፈት ጠብቀን ወደ ቀበሌያችን ሄድን። ነገሩን እንዲያዩልን ያስጠራናቸውን የቀበሌውን ሽማግሌዎች ቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ተቀምጠው አገኘናቸው፤ አራሹና አዋሳኞቹም መጥተዋል። ከአዋሳኞቹ አንዱ፣ አውድማ ላይ ቁና ይዘው ምርቱን ለሁለት ሲሰፍሩልን የኖሩ አባት ናቸው። መሬቱ ሲለካ ዝም ካሉት አንዱም እሳቸው ናቸው። እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ ስጀምር እናቴ በክርኗ ጎሰመችኝ።

«ልጄ» አለችው አራሹን፣ «ስትሰጠኝ የኖርከው ምጽዋት ነው አልክ?»

«አዎ እማማ። አይቀየሙኝ፣ ለጽድቅ ብዬ ነው።»

«ደግ። እንግዲያ በየዓመቱ ከእኩሌ ላይ ለዘር አስፍሬ የማስቀርልህ ለምን ነበር? ዘር የምታዋጣ ለማኝ የት አይተሃል?»

እናቴ ወደ ሰፋሪው ዞረች። «አባ፣ የዘሩን ቁና የሰፈሩልኝ እርስዎ አይደሉም?»

«እኔ ነኝ» አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ። «ዘሩንም ምርቱንም የሰፈርኩት እኔ ነኝ። መሬቱ የእሷ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ጽሕፈት ቤት ቀርበው ይህንኑ ሊመሰክሩ ተስማሙ። አንዱ ሊያጽናናኝ ብሎ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ልጄ» አለኝ። አልተጽናናሁም፤ ዛሬም አልተጽናናሁም። እውነቱ እስከዚያ የት አደረ? እኒያ ሰፋሪ አባት አፍ ውስጥ ነዋ! ያን ዕለት ማሳው ዳር ቆመው «የእሷ ነው» ቢሉ ምናቸው ይጎድል ነበር? አንዲት አሮጊት ለማኝ አለመሆኗን ልታስረዳ በዚያ መንገድ አትንገላታም ነበር። ከአራሹ ይልቅ በእሳቸው ነው የተናደድኩት። እሱስ ስግብግብ ነው፤ እሳቸው ግን እያወቁ ነው ዝም ያሉት።

ልንሄድ ስንነሣ አባ እናቴን ተከተሏት። «ለዘንድሮው ዘር ስትልኪብኝ መጥቼ እሰፍርልሻለሁ፣ እህቴ» አሏት።

እናቴ ከንግግሯ አክብሮቱን አላጎደለችም።

«የለም አባ፣ አይድከሙ» አለች። «ቁናውን ለልጄ ይስጧት።»