ኅብረታችን በሼህ ኢብራሂም ዓይን ላይ የቆመበት ጊዜ

በአረጋውያን ኅብረት ጸሐፊና አስተርጓሚ ሆኜ ሥራ የጀመርኩት ክልሉ አዲስ በተቋቋመበት ወቅት ነው። አሶሳ ያኔ የክልል ከተማ ትባል እንጂ መሥሪያ ቤቶቹ ገና ወንበር ይዋዋሱ ነበር። የእኛ ቢሮ በጭቃ የተመረገ የቀርከሃ ግድግዳ ያላት አንዲት ክፍል ነበረች። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አግዳሚ፣ አንድ የጽሕፈት መኪና ነበራት።

በመጀመሪያው ቀን ስገባ ሦስቱ አመራሮች ይጨቃጨቃሉ። ሊቀመንበሩ ሼህ ኢብራሂም የበርታ አረጋውያንን ማኅበር ይመራሉ። ምክትላቸው መምህር ዲንሳ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ሲሆኑ ከወለጋ የመጡትን ይወክላሉ። እማማ ጥሩወርቅ ደግሞ እንደ እኔ ቤተሰብ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው የሰፈሩትን። ጭቅጭቁ በማኅተሙ ላይ የማን ማኅበር ስም ይቅደም የሚል ነበር።

«እስቲ አንቺ የተማርሽው ፍረጂን» አሉኝ እማማ ጥሩወርቅ፣ ገና ሳልቀመጥ።

«የማንም አይጻፍ። የአረጋውያን ኅብረት ብቻ ይበል» አልኩ።

ተስማሙ። ሐሳቤ ጥሩ ሆኖ ሳይሆን ደክሟቸው ይመስለኛል።

ሥራዬ ደብዳቤ መተየብ፣ ቃለ ጉባኤ መያዝና ከበርታኛ ወደ አማርኛ መመለስ ነበር። በርታኛ የለመድኩት ገበያ ውስጥ ከልጆቹ ጋር ስሮጥ አድጌ ነው። ሼህ ኢብራሂም ለሰላምታና ለጨዋታ አማርኛ ይበቃቸዋል፤ ከበድ ያለ ነገር ሲሆን ግን ወደ ቋንቋቸው ይመለሳሉ። እኔንም «አንተ ልጄ» ነበር የሚሉኝ። ለምጄው ስለነበር አላረምኳቸውም።

ኅብረቱ ብዙ ጊዜ የስም ብቻ ሆኖ ቆየ። ሦስቱም ማኅበራት ለየብቻ ቢሮ ለቢሮ ይዞራሉ። አንድ ጊዜ አንድ ኃላፊ ዘንድ ስንገባ፣ «ትናንት የእናንተው ሰዎች መጥተው ሌላ ነገር ጠይቀው ሄዱ። የቱን ልስማ?» አለን። ባዶ እጃችንን ወጣን።

እንዲህ እያለን ነው የዓይን ሐኪሞች ለዘመቻ ወደ ወለጋ እንደሚመጡ የሰማነው። በእኛ አካባቢ የዓይን ሞራ ያልገባበት ቤት ጥቂት ነው። ሼህ ኢብራሂም ራሳቸው አንደኛው ዓይናቸው ጨርሶ ነጭ ሆኗል፤ በሌላው የሚለዩት ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው። ልጃቸው አምና ናት ትከሻዋን አስይዛ የምትመራቸው።

በዚህ ጉዳይ ሦስቱም ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ላይ የጤና ቢሮ ኃላፊው ዘንድ ገቡ።

«አዲስ ክልል ነን። ለእናቶችና ለሕፃናት እንኳ ገና አልደረስንም። የአረጋውያን ዓይን ትንሽ ይቆይ» አለ።

ሼህ ኢብራሂም በበርታኛ ተናገሩ፤ እኔ ተረጎምኩ። «ይቺ በር ላይ የቆመችው ልጄ እናት ናት። ሕፃን አዝላ እኔን ስትመራ እርሻዋ ዳዋ በላው። የኔ ዓይን ከተከፈተ እሷም እጇ ይፈታል። ሐኪሞቹ ወደዚህ ይሻገሩ፤ ከእርስዎ የምንለምነው ክፍልና ጄኔሬተር ብቻ ነው።»

ኃላፊው ተነስቶ በበሩ በኩል አምናን አያት። ተመልሶ ከተቀመጠ በኋላ፣ «ክፍሉንም ጄኔሬተሩንም እፈልጋለሁ» አለን። ቃሉን ጠበቀ።

ሐኪሞቹ መጡ። ሰው ግን አልመጣም። «ብሌኑን አውጥተው ይወስዱታል» የሚል ወሬ ከገበያ ተነስቶ ሰፈራ መንደሮቹ ድረስ ደርሶ ነበር። ለታካሚ የደረደርናቸው አግዳሚዎች ባዶአቸውን ዋሉ። የሐኪሞቹ አለቃ፣ «ሰው ከሌለ ነገ ዕቃችንን እንጭናለን» አሉ።

«ኸላስ፣ በቃ!» አሉ ሼህ ኢብራሂም በአማርኛ። «እኔ መጀመሪያ ይገባል።»

ሐኪሙ መረመሯቸው። ነጩ ዓይን የቆየ ጉዳት አለበት፣ አይድንም አሉ። ቀዶ ጥገናው የሚሠራው ጥላ በሚለየው ላይ ነው። ይህንን ተርጉሜ ስነግራቸው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

አምና ጎትታ ወደ ግድግዳው ወሰደችኝ። «የቀረችው ጭላንጭል ብትጠፋ አንቺ ትመሪዋለሽ?» አለችኝ። ሰውየው ቢታወሩ የበርታ አረጋውያን ከኅብረቱ እንደሚወጡ አውቃለሁ። በዚያች ሰዓት ግን ያስጨነቀኝ ኅብረቱ አልነበረም።

ቀዶ ጥገናው በዚያው ዕለት ተሠራላቸው። በማግስቱ ጠዋት ፋሻው ሲፈታ ግቢው በሰው ሞልቶ ነበር፤ ለመታከም ሳይሆን ለማየት። ሐኪሙ ጣታቸውን ዘርግተው ጠየቋቸው።

«ጉም ነው» አሉ ሼህ ኢብራሂም። «ጉም ብቻ።»

ሐኪሙ፣ «አብጧል፤ ጠብታው እብጠቱን ያወርደዋል፣ ታገሱ። እኛም እስኪወርድ እንቆያለን» አሉ። ጮክ ብዬ ተረጎምኩ። የሰማኝ የለም፤ ግቢው ጭር ብሎ ቀረ። አምና አባቷ እግር ሥር ተቀምጣ ቀና ብላም አላየችኝ። ከመጣው ሰው የቀሩት እማማ ጥሩወርቅ ብቻ ነበሩ። ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ነጠላቸውን አንጥፈው፣ «ሼሁ ሳይወጡ እኔ አልሄድም። እሳቸው ካዩ እኔም ለዓይኔ እገባለሁ» አሉ። ከማኅተሙ ቀን ጀምሮ ከሼሁ ጋር ተኮራርፈው የከረሙት እኚሁ ሴትዮ ናቸው።

ጠብታውን እኔና አምና እየተፈራረቅን አደረግንላቸው።

ከቀናት በኋላ ጠዋት ስመጣ ሼህ ኢብራሂም በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል፤ መምህር ዲንሳም ሊጠይቋቸው መጥተው አጠገባቸው ቆመዋል።

«ዲንሳ» አሉ ሼሁ፣ «ኮት ክርኑ ተቀዷል። ሚስት አላየም?»

መምህር ዲንሳ ክርናቸውን ገልብጠው አዩ። ቀዳዳው አለ። እየሳቁ ሼሁን አቀፏቸው።

እኔ፣ «ሼህ፣ ያያሉ?» ብዬ ጮህኩ። ዞር ብለው ለረጅም ጊዜ አተኩረው አዩኝ። እስከዚያ ቀን በድምፅ ብቻ ነበር የሚያውቁኝ።

«አንተ ነው? አላህ! ትንሽ ልጅ! እኔ ትልቅ ሴት መስሎኝ!»

ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። እንዲያ ቅልል ብሎኝ አያውቅም፣ አግብቼ ስወልድ ጭምር። ከሰዓት በኋላ አምና አማቷን በምርኩዝ እየመራች አመጣችና ከእማማ ጥሩወርቅ ጎን አስቀመጠቻት። በማግስቱ አግዳሚዎቹ አልበቁንም፤ በርታው፣ ወሎዬው፣ ወለጌው ማንጎው ሥር ተደባልቆ ወረፋውን ጠበቀ። ሁሉም አልዳነም፤ የዘገየበት ነበር። ግን በግድ መጣሁ ያለ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ቢሮ የምንገባው አንድ ላይ ሆነ። ቅርንጫፍም በግልገል በለስና በቶንጎ ከፈትን፤ እኔም ጡረታ እስክወጣ በዚያው ሠራሁ።

አዳዲስ ባልደረቦች ማኅበራትን እንዴት አንድ ማድረግ እንደሚቻል ይጠይቁኛል። እኛ በስብሰባ ሞክረን አልሆነልንም። ሁሉም የሚፈልገውን አንድ ሥራ ስንጀምር ሆነ። መጀመሪያ ሥራውን ጀምሩ፤ ስብሰባው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።