የአሞሌው ጣዕም

ልጅ ሳለሁ አባት አልነበረኝም፤ ጎረቤቴ ከድር ግን አያት ነበረው። እሱን ለመጥላት ይህ ይበቃኝ ነበር።

በስደት አገር፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ በሚባል ሰፈር፣ እናቴ ከሥራ እስክትመለስ በምንኖርበት ፎቅ እነ ከድር ቤት እቆይ ነበር። ያኔ አያቱ አባባ ሰይድ መብራት አጥፍተው የኤሌክትሪክ ምድጃውን ይለኩሱና፣ ብረቱ እንደ ፍም ሲቀላ፣ እርጥበት እንዳይነካው ከበላዩ በጨርቅ ያንጠለጠሉትን የአሞሌ ጨው ስባሪ እያሳዩ ስለ ነጋዴ ቅድመ አያቶቻቸው ያወሩናል። በጎንደር ነገሥታት ዘመን፣ ጨው ገንዘብ ሳለ፣ አሞሌው ከአፋር ሜዳ ተፈልጦ በግመል ደጋ ይወጣል፤ በበቅሎ ጎንደር ይገባል፤ ዓባይን ተሻግሮ እናርያ ሲደርስ በወርቅና በዝባድ ይለወጣል።

«መንገዱ በረዘመ ቁጥር ጨው ያንሳል፤ ይወደዳልም» ይሉ ነበር። ነጋዴ መንገድ ላይ ወዳጁን ሲያገኝ ከመቀነቱ ጨው አውጥቶ ያስልሰው እንደነበርም ነግረውናል።

ከድር ጭናቸውን ተደግፎ ይሰማል። እኔ እጄን ወደ ጨርቁ ስዘረጋ፣ «ሶሪ፣ ለፋሚሊ ብቻ ነው» ይለኛል።

አንድ ቀን አባባ ሰይድ ሶላት ላይ ሳሉ አሞሌውን ወስጄ በረንዳው በረዶ ውስጥ ቀበርኩት። ከድር እንዲያለቅስ ብቻ ነበር የፈለግኩት። አለቀሰም። በማግስቱ ቆፍሬ ሳወጣው ግን ሟሙቶ የጥፍር ያህል ቀርቷል።

አባባ ሰይድ መዳፍ ላይ አኖርኩላቸው። ሁለተኛ እዚህ ቤት እንዳትመጣ እንዲሉኝ ጠበቅኩ። በጣታቸው ገልበጥ አድርገው አዩት።

«ብዙ መንገድ መጥቷል፤ ለዚያ ነው ያነሰው» አሉ። ከዚያ እጃቸውን ወደ አፌ ዘረጉ። «በል ላስ፣ ወዳጄ።»

«አባባ፣ እኔስ?» አለ ከድር።

«አንተ ቤተሰብ ነህ። የሚላሰው ለወዳጅ ነው።»

ጨዋታቸው ይሁን ቁም ነገራቸው አላወቅኩም። ጨው ምላሴ ላይ አለቀ። ከድር በቅናት ሲያየኝ ያ የመጀመሪያው ነበር። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን የሰማሁት «አንተ ቤተሰብ ነህ» የምትለዋን ብቻ ነበር።

አባባ ሰይድ ካረፉ ቆዩ። ከድር ዛሬ በረዶ ሲጥል መንገድ ላይ ጨው የሚበትን መኪና ይነዳል። ስንገናኝ አንዳንዴ፣ «ያ አሞሌ እንዴት ነበር? ንገረኝ እንጂ» ይለኛል። እሱ መልካቸውን ወርሷል፣ ስማቸውን ወርሷል። ለእኔ የቀረኝ ያ ጣዕም ነው።

እስካሁን አልነገርኩትም።