ጥቁር ለብሼ ኮንጋ የደረስኩ ዕለት

ሻንጣዬን ያዘጋጀሁት ስልኬ ላይ ባየሁት ምክር ነው። ብቻዋን የምትጓዝ ሴት ልብሷን ሁሉ በአንድ ቀለም ካደረገች፣ የትኛውም ሸሚዝ ከየትኛውም ሱሪ ጋር ይሄድላታል፤ ቆሻሻ ቶሎ አይታይባትም፤ ሸክሟም ይቀልላታል ይላል። እኔ ደግሞ በልብስ ነገር ድሮም አልችልም። ጥቁር ሰፊ ሱሪ፣ ጥቁር ሸሚዞች፣ የማይጨማደድ ረጅም ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር ሹራብ፣ ጥቁር ሻርፕ፣ መንገድ የማይበግረው ጥቁር ስኒከር። ሁሉንም ጠቅልዬ በአንዲት የጀርባ ቦርሳ ከተትኩና መስታወት ፊት ቆሜ ራሴን አደነቅሁ።

እናቴ አልጋዋ ላይ ሆና ስታየኝ ነበር። በቅርቡ ኦፕራሲዮን ከሆነች ወዲህ መነጽሯን ስለማታደርግ ምን እንደለበስኩ አላስተዋለችም። “ሳትደውዪ ሂጂ። ከደወልሽ አትምጪ ትልሻለች” አለችኝ ብቻ።

የላከችኝ ወደ ታናሽ እህቷ፣ ወደ አክስቴ ጥሩነሽ ነው። ሁለቱም ዲላ ተወልደው ዲላ ያደጉ ናቸው። እናቴ አዲስ አበባ ገባች፤ ጥሩነሽ ደግሞ ኋላ ላይ ይርጋጨፌ አጠገብ፣ ኮንጋ የሚኖር የቡና ገበሬ አግብታ እዚያው ቀረች። ከዓመታት በኋላ የጥሩነሽ ባል ሲሞት እናቴ ለቅሶ አልደረሰችም። ታማ ነበር፤ መንገዱም አስቸጋሪ ነበር፤ ምክንያቱ ሞልቷል። ግን ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ምክንያቱን ማን ይሰማዋል? ከዚያ ወዲህ አክስቴ የእናቴን ስልክ አታነሳም። አሁን እናቴ “ሳልሞት አንዴ ዓይኗን ልየው” ብላ ይዛለች። አክስቴን ይዤ ልመለስ ነው የተነሳሁት።

እስከ ዲላ

አውቶቡሳችን ከቃሊቲ የወጣው ገና ጎህ ሲቀድ ነው። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ሞጆ ላይ ብርቱካን ልጠው ግማሹን ሰጡኝ። ዝዋይ ላይ ደግሞ፣ “ውሃ ጠጪ ልጄ፣ ራስሽን አትጉጂ” አሉኝ። የዱሮ ሰው ደግ ነው ብዬ ጠጣሁ። ሐዋሳን አልፈን ምድሩ አረንጓዴ መሆን ሲጀምር መስኮቱን ከፈትኩት። ጩኮ አካባቢ አናናስ የሚሸጡ ሴቶች ከበቡን፤ ሁለቱን በመቶ ብር ገዛሁ፤ ሽታው ቦርሳዬን ሞላው፣ ልጅነቴንም ይዞብኝ መጣ።

ክረምት በመጣ ቁጥር እናቴ ወደ ዲላ ትሰደኝ ነበር። አክስቴ ያኔ ገና አላገባችም። እጄን ይዛ ገበያ፣ ጨርቅ የሚሸጥበት ተራ ትወስደኝና ጨርቁን ሁሉ እየዳሰሰች ታስዳስሰኛለች። ምንም ሳንገዛ እንመለሳለን፤ እኔ ግን የዓለምን ልብስ ሁሉ ለብሼ የዋልኩ ይመስለኝ ነበር። ልብስ መውደድን ያስተማረችኝ እሷ ናት። ዲላ ወርጄ ያንን ተራ ፈለግሁት፤ ቦታው ፎቅ ወጥቶበታል፤ ባጃጁና ተማሪው መንገዱን ሞልቶታል። የአያቶቼ ቤትም ለሰው ከተሸጠ ቆይቷል። በአጥሩ በኩል አለፍኩ።

ማታ ራቴን ቆጮ በጎመን ያዘዝኩባት ምግብ ቤት አስተናጋጇ ሳህኑን በቀስታ አስቀመጠችልኝ።

“ማን ሞቶብሽ ነው እህቴ?”

“ማንም። ፋሽን ነው።”

“ኧረ? በደህናው ቀን?” ብላ ከንፈሯን መጠጠች።

እኔም በልቤ ሳቅሁባት። አዲስ አበባ ግማሹ ሰው ጥቁር ለብሶ አይደል የሚውለው?

ኮንጋ

በማግስቱ ማለዳ በሚኒባስ በወናጎ በኩል ወደ ይርጋጨፌ ወጣሁ። በዚህ መንገድ እርሻውን ከጫካው መለየት ያስቸግራል። ትልልቁ ዛፍ ከላይ፣ እንሰቱ ከመሐል፣ ቡናው ከሥር ነው፤ ቤቶቹ የሚታዩት ጭሳቸው ሲወጣ ብቻ ነው። የቡና ለቀማ ወቅት ስለነበር በየደጁ ቀይ ቡና የያዘ ከረጢት ቆሟል። ይርጋጨፌ ላይ ሞተር ተኮናተርኩ። ሞተረኛው፣ “አቧራ ነው፣ ፀጉርሽን ሸፍኚ” ሲለኝ ጥቁር ሻርፔን አውጥቼ ጭንቅላቴ ላይ ጠመጠምኩት።

“ማን ቤት ነው?”

“ወይዘሮ ጥሩነሽ ቤት። የእህቷ ልጅ ነኝ፤ ከአዲስ አበባ ነው የመጣሁት።”

ዞሮ አየኝና የከፈተውን ዘፈን አጠፋው። ከዚያ በኋላ ድንጋይ ድንጋዩን እየሸሸ፣ ዕቃ የጫነ ያህል ተጠንቅቆ ነዳ። እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው አልኩ።

አክስቴ ግቢዋ ውስጥ፣ ማድረቂያው አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና እያገላበጠች ነበር። ከስታለች፤ እጇ ግን ያው ጨርቅ የሚዳስሰው እጅ ነው። ሞተሩ ሲቆም ቀና አለች። እኔ ፈገግ ብዬ ልሮጥላት ስል ከሻርፔ እስከ ጫማዬ ቃኘችኝና ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

“ወየው! አስካልዬ!”

አስካለ እናቴ ናት። ያን ጊዜ ነው ሁሉም የገባኝ። በእኛ አገር ሞት በስልክ አይነገርም። የቅርብ ሰው ይላካል፤ በማለዳ፣ ሳይደውል፣ ጥቁር ለብሶ። እኔ ከመርዶ ነጋሪ የጎደለኝ ነገር አልነበረም።

“አክስቴ፣ እማዬ ደህና ናት! ደህና ናት!” ብዬ ያዝኳት። ግን መርዶ ነጋሪ ሁሉ መጀመሪያ “ደህና ነው” ይላልና ማን ይስማኝ? ጎረቤቱ ከየጓሮው ጎረፈ። አክስቴ ደረቷን እየመታች ሙሾውን ታወርደው ጀመር።

“አስካልዬ! በአንድ ቀሚስ በየተራ ያደግነው! አንቺ ለብሰሽው ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ እኔ በር ላይ ቆሜ የምጠብቅሽ! ስልክሽን ሳላነሳው ቀረሁ! ሲጮህ አቅፌው እቀመጥ ነበር፣ እህቴ፣ ሳላነሳው! እንግዲህ ይህን ቂም ምን ላድርገው?”

እኔም፣ ምንም እንዳልሆነ እያወቅሁ፣ አብሬያት አለቀስኩ። እንደምንም ኔትወርክ ፈልጌ ደወልኩና ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ያዝኩት።

“ደረስሽ ማርቲ? ጩኸቱ ምንድን ነው?” አለች እናቴ።

“አክስቴ ናት። የሞትሽ መስሏት ነው።”

“እኔ? ጥሩነሽ! አለሁ እኮ! ምን ያስጮህሻል?”

አክስቴ ወደ ስልኩ ጠጋ አለች።

“አስካለ ከሆንሽ፣ ዲላ ጓሯችን ያለው ዛፍ ምንድን ነበር?”

“ዘይቱን። ወድቀሽ ክንድሽ የወለቀበት።”

አክስቴ መሬት ላይ ዘፍ አለች። “አለሽ?”

“አለሁ።”

“ጌታ ይመስገን፣ እህትሽ ተነሳች!” ብላ ጎረቤቷ እልል አለች። ለለቅሶ የመጣው ሰው ባዶ አፉን አይመለስምና ጎመኑ ተቀቀለ፣ ቆጮው ተቆረሰ፤ የእኔም አናናስ ተቆራርጦ ዞረ። ሞተረኛውም ሲበላ አየሁት።

አክስቴ ግን መጀመሪያ ወደ ጓዳ ጎትታ አስገባችኝ። “ይሄን ጥቁር አሁኑኑ አውልቂ!”

“ፋሽን ነው እኮ።”

“ልትገድዪኝ ነበር እኮ አንቺ ልጅ!” ብላ ቢጫ፣ ትልልቅ አበባ ያለበት ቀሚሷን ወረወረችልኝ። ሰፋኝ፤ ወገቤን በቀበቶ አሰርኩት። በጣም ፈራሁ፤ ድንጋጤዋ ሲያልፍ ቁጣዋ ይመጣል፣ አብራኝም አትሄድም ብዬ። እንደምንም ደፍሬ፣ “እማዬ አንዴ ልያት ብላለች። ትመጫለሽ?” አልኳት።

ቀበቶዬን አስተካከለችልኝ።

“አልቅሼ ጨረስኩ እኮ። በሙት ላይ ቂም አይያዝም። አሁን በየትኛው አፌ ነው የማኮርፈው?” አለችኝ።

መመለሻ

የአክስቴ ሻንጣ አንድ ዘንቢል ነው፤ አቮካዶ፣ ቡና፣ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ፣ ከላይ አንድ ቅያሪ ቀሚስ። እኔ ቢጫውን ቀሚስ ለብሼ ተመለስኩ። ዲላ ላይ አንዲት ተማሪ፣ “እህት፣ የት ነው የገዛሽው?” ብላ ጠየቀችኝና ኮራሁ። አውቶቡሱ ውስጥ ማንም “ራስሽን አትጉጂ” አላለኝም። ምቹ ልብስ ማለት ለለባሹ ብቻ የሚመች ይመስለኝ ነበር፤ ለሚያየኝም ሰው ይመች እንደሆነ ሻንጣ ሳዘጋጅ ጠይቄ አላውቅም ነበር። አሁን ቢያንስ አንድ አበባ ያለበት ቀሚስ ከላይ አስቀምጣለሁ።

ቤት ስንደርስ እናቴ መነጽሯን አድርጋ ተቀምጣ ጠበቀችን። ተቃቀፉ። ከዚያ እናቴ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና፣

“አለቀስሽልኝ አሉ” አለች።

“አለቀስኩ።”

“ሰው ነበረ?”

“ግቢው ሞልቶ!”

እናቴ ደስ አላት። “ምን ምን አልሽ?”

“ያንን ቀሚስ አነሳሁ። በየተራ የምንለብሰውን።”

እናቴ መነጽሯን አስተካከለች። “አንድ ፋሲካ ግን ተራው የኔ ነበር። አንቺ ነሽ ደብቀሽ የለበስሽው።”

“አውቃለሁ” አለች አክስቴ። “ለሱም አልቅሻለሁ።”