ከመንገድ ማዶ ያላየኋት ሴት

የዛሬ ሦስት ሳምንት ቅዳሜ... ገደብ ከተማ አራስ ጠይቄ ወደ ዲላ ስመለስ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ የኋላ ወንበር፣ መስኮት ጥግ ተወሽቄያለሁ። ይርጋ ጨፌ ስንደርስ ረዳቱ በሩን ከፈተና «እናቶች፣ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ጠጋ ጠጋ በሉ» አለ። ቀና ስል... ብርቄ።

መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። በዚህ በኩል መስኮት፣ በዚያ በኩል ብርቄ። ውጭ ዝናብ። የት ይገባል?

ብርቄ ማለት ዲላ አንድ ግቢ ተከራይተን፣ ልጆቻችንን አብረን ያሳደግን የዱሮ ጎረቤቴ ናት። እናቴ ስታርፍ ልቅሶ ሳትደርሰኝ ቀረች። ከወር በኋላ «አሞኝ ነው» ብላ መጣች። አፌ «ምንም አይደል» አለ፣ ሆዴ ግን እምቢ አለኝ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሳያት ዐይኔን አሻግሬ አልፋለሁ። ያኔ የጠርሙስ ቂጥ የመሰለ መነጽር ነበረኝ። ሰው «ምነው ብርቄን ዘጋሻት?» ሲለኝ «ኧረ እኔ እቴ፣ አላየኋትም፣ ይሄ ዐይኔ እኮ...» እላለሁ። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖርኩ። ዐይነ ደካማን ማን ይቀየማል?

አምና ልጄ አዲስ አበባ ወስዶ ዐይኔን በሌዘር አሠራኝ። ለመወሰን ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ድስት በከፈትኩ ቁጥር መነጽሬን እንፋሎት ሲያለብሰው፣ ስወጣ ደግሞ የዲላ ዝናብ ሲወርድበት፣ አንድ ቀን በቃኝ አልኩ። ሐኪሙ «ለሩቁ ይገላገላሉ፤ ለቅርቡ ግን በዕድሜዎ ማንበቢያ መነጽር አይቀርልዎትም፣ ዐይንዎም ሊደርቅ ይችላል» ብሎኝ ነበር። እኔ የሰማሁት «ይገላገላሉ» የሚለውን ብቻ ነው።

ሩቁን አሁን ጥርት አድርጌ አያለሁ፣ አልዋሽም። ግን ማንበቢያዬ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሏል፣ የዐይን ጠብታዬ ከቦርሳዬ አይለይም፣ ሲመሽ የመኪና መብራት እንደ ጃርት እሾህ ያወጣብኛል። ይሄንን ለማን አወራሁ? ለማንም። ሰፈር ውስጥ ያወራሁት «እዚህ ዲላ ቆሜ ጪጩ ከተማ ያለ ሰው እለያለሁ» እያልኩ ነው። ብርቄን ግን ከሩቅ ሳያት ቀድሜ በሌላ መንገድ እታጠፍ ነበር።

ብርቄ ጉልበቴን መታ አደረገችኝ።

«ዛሬስ አየሽኝ አይደል፣ የኔ እመቤት?»

«አ... አየሁሽ።»

«ተመስገን። ስንቴ ከማዶ ሆኜ ጠራሁሽ መሰለሽ። ሰዉ 'ኮርታብሻለች እኮ' ሲለኝ እጣላ ነበር። 'ዐይኗ ነው፣ አትፍረዱባት' እላለሁ።»

ፊቴ ነደደ። መስኮቱን ልከፍት ብሞክር አይከፈትም። ተበላሽቷል።

«ሄለንን ላሠራት ነው» አለች። ሄለን ልጇ ናት፤ ስንት ቀን አዝያታለሁ፣ አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። «አንዱ ሐኪም 'የመነጽሯ ቁጥር ገና እየጨመረ ነው፣ ዐይኗም ደረቅ ነው፣ እስኪረጋ ቆዩ' አለን። እኔ እሺ የሚል ሌላ አግኝቻለሁ። ሰኞ ይዣት እሄዳለሁ። እሷማ ፈርታለች። ግን አንቺን እየጠራሁ አደፋፈርኳት። 'ሰው ከአስፋልት ማዶ የማትለይ ሴት ዛሬ ጪጩን ታያለች፣ አንቺን ምን ያስፈራሻል?' አልኳት።»

ወናጎ ከተማን ስናልፍ ወደ እሷ ዞርኩ።

«መነጽሩ በደንብ ካሳያት ምን ያስቸኩላል? ሐኪሙ ቆዩ ካለ ቆዩ።»

«ወይ አንቺ... ላንቺ ሲሆን ጥሩ ነው፣ ለኔ ልጅ ሲሆን ቆዩ? አንቺ እኮ በመነጽርም አታዪም ነበር።»

ጠብታዬን አሳየኋት። ማንበቢያዬን አሳየኋት። የማታውን መብራት ነገርኳት። ሳቀችብኝ።

«ታዲያ ከዱሮው አይሻልም? ዱሮ እኮ ዕውር ነበርሽ፣ አትቀየሚኝና።»

እውነቱን ካልነገርኳት ልጅቷ ሰኞ ትሄዳለች። ከነገርኳት... የዘጠኝ ዓመት ውሸቴ ይወጣል። ልውረድ እንኳ ብል መጀመሪያ ብርቄን ማስነሳት አለብኝ።

ጪጩ ላይ ሰው ሲወርድ መኪናው ቆመ። ያቺ የምፎክርባት ጪጩ። ወደ ውጭ እያየሁ ተናገርኩ።

«ብርቄ... በመነጽሬ በደንብ አይ ነበር።»

«እንዴት ማለት?»

«አይሽ ነበር። ሁልጊዜ።»

ወደ እኔ ዞረች። ከዚያ በጣም ቀስ ብላ፣ «የጥምቀት ለትስ? ሦስቴ ስጠራሽ?»

«አረንጓዴ ጃንጥላ ይዘሽ ነበር። ሄለን ነጭ ቀሚስ ለብሳ።»

ካሁን አሁን ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አልሰደበችኝም። እጇን ከጉልበቴ ላይ አንስታ የራሷ ጉልበት ላይ አስቀመጠችው። ትከሻ ለትከሻ እንደተጣበቅን ዲላ ደረስን።

መናኸሪያ ስንገባ ስልኳን አወጣች። «ሄለን፣ የሰኞው ቀርቷል። የመጀመሪያው ሐኪም እንዳለው እንቆያለን... አይ፣ ደህና ነኝ፣ ድምፄ በጉንፋን ነው።» ዘጋችና ዞር ብላ ሳታየኝ ዝናቡ ውስጥ ወረደች።

ልቅሶ ያልመጣችው ምን አሟት እንደነበር ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም። ይሄ ትዝ ያለኝ ከወረደች በኋላ ነው።

አሁን በየሁለት ቀኑ አያታለሁ። ከማዶ፣ ጥርት አድርጌ፣ የነጠላዋ ጥለት ሳይቀር። እጄን አነሳለሁ፣ «ብርቄ» እላለሁ። ታልፋለች።

የሷ ዐይን ደግሞ ድሮም ጤነኛ ነው።