የማይንቀጠቀጠው ፊርማ

የሰፈሩ ሰው ልጄን «አጉሊ» ይላታል፤ አጉሊ መነጽር ለማለት ነው። ስሙን ያወጣላት ከእኛ ቤት በታች ያለው ልብስ ሰፊ ነው። አንድ ጊዜ ያሰፋችውን ሸሚዝ ልትወስድ ሄዳ፣ አንገቷ ላይ በምታንጠለጥላት መነጽር ስፌቱን ስትመረምር አያትና «እሜቴ፣ ሸሚዝ ነው የሰፋሁት ወይስ ወንጀል ነው የሠራሁት?» አላት። ከዚያ ወዲህ ስሙ ተጣብቆባት ቀረ። እሷም አልጠላችውም።

ሥራዋን ለሰው ሳስረዳ ሁልጊዜ እቸገራለሁ። የኳስ ተጫዋቾች ፎቶ የታተመባቸው፣ ከመዳፍ የማይበልጡ ካርዶች አሉ። አንዳንዶቹ ሃምሳ ወይም መቶ ብቻ ታትመው ይቆማሉ። ጥጋቸው ላይ ከስንቱ ስንተኛ እንደሆኑ ቁጥር አላቸው፤ ተጫዋቹም በገዛ እጁ ይፈርምባቸዋል። የሚሰበስቧቸው ሰዎች እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የሚጠብቋቸው። አስመሳይ ስለበዛ ግን ፊርማው የእውነት የተጫዋቹ ነው ብሎ የሚመሰክር ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ልጄ ናት። ቀድሞ ባንክ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ስትሠራ ኖራለች፤ ቼክ ላይ ያለውን ፊርማ ደንበኛው ካስቀመጠው ናሙና ጋር የምታመሳክረው እሷ ነበረች። ያንን ሥራ ማሽን ሲወስድባት፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ካርድ ትሰበስብ ነበርና ዓይኗን ይዛ ወደ ካርዶቹ ዞረች።

የምትሠራው እንግዳ መቀበያ ክፍላችን ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ነጭ ጨርቅ ታነጥፋለች፤ የጥጥ ጓንት ታጠልቃለች፤ አንገቷ የሚጠማዘዝ መብራት ታበራለች። ከጎኗ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አለ፤ ውስጡ ሌላውን ሁሉ የምታመሳክርባቸው፣ እውነተኛነታቸው የተረጋገጠ ካርዶች ናቸው። እኔ ከመስኮቱ ወዲህ ባለው ወንበር ላይ ደብተሬን ይዤ እቀመጣለሁ። ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት፤ ያኔ ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። ስለዚህ ይሆናል፣ ሌላው ሰው የለመደው ነገር ለእኔ እስከ ዛሬ ብርቅ ነው። ሰው ይሄዳል፣ እጁ ግን ወረቀት ላይ ይቀራል።

«እማዬ፣ ነይ እዪ» ትለኛለች አንዳንዴ። መነጽሩን ዓይኔ ላይ አድርጋ፣ «እዚህ ጋ ቸኩሏል። እዚህ ጋ እስክሪብቶውን አንሥቷል። እዚህ ጋ ደግሞ አንድ ሰው ጠርቶት ቀና ያለ ይመስለኛል» ትለኛለች። እኔም አያለሁ። የፈረመው ተጫዋች ካረፈ ዓመታት አልፈዋል፤ ችኮላው ግን ገና አልደረቀም።

አንድ የማታፈርሳት ደንብ ነበረቻት። ወሬ አትሰማም። «ሐሰተኛ ካርድ ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሉ ቆንጆ ታሪክም ይዞ ነው የሚመጣው» ትላለች። ስለዚህ ባለካርዱ አፉን ሲከፍት እጇን ታነሣለች፤ ትራፊክ ፖሊስ መኪና እንደሚያስቆም።

ከሁሉም አብልጣ የምትወደው በረኛ «መዝጊያው» የሚባለውን ነበር። በረኛው ፊርማ መስጠት አይወድም ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ሃምሳ ካርድ ታትሞለት ፈረመ፤ ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ከሃምሳው ሠላሳ አንደኛው በእሷ ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ሌሎች ሃያ ሦስት ደግሞ በተለያየ ጊዜ በእጇ አልፈዋል፤ ሁሉንም ፎቶ አንሥታ አስቀምጣለች። በሁሉም ላይ መስመሩ ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዴም ዘሎ ይወጣል። ስለ እሱ በያዘችው ማስታወሻ ላይ እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «ጣቶቹ ብዙ ጊዜ ተሰብረዋል። እጁ ይንቀጠቀጣል።» ሌሎች ሰብሳቢዎችም ይህንኑ ከእሷ ተቀብለው ይናገሩት ጀመር።

ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ሽማግሌ መጣ። ጡረታ የወጣ ሹፌር ነው። ቆቡን በእጁ ይዞ፣ ካርዱን በመሐረብ ጠቅልሎ ከደረት ኪሱ አወጣው። ሃምሳኛው ነበር፤ የመጨረሻው።

«አባባ፣ ይቀመጡ» አለችው።

«የሚሸጥ አይደለም፣ ልጄ። ልጆቼ ማረጋገጫ ይኑረው ብለው ነው። በፊቴ ነው የፈረመልኝ። ያን ቀን እኮ አውቶቡሱን...»

እጇን አነሣች። «ታሪኩ ይቆየን፣ አባባ። ካርዱ ራሱ ይንገረኝ።»

አርባ ደቂቃ ያህል አየችው። ሽማግሌው ጉልበቱን ገጥሞ፣ ሐኪም ፊት እንደተቀመጠ ሰው ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። በመጨረሻ ቀና ብላ፣ «ቀለሙም ካርዱም ትክክል ነው፤ ፊርማው ግን የእሱ አይደለም» አለችው። «የእሱ እጅ ይንቀጠቀጣል። ይሄ ለስላሳ ነው። አዝናለሁ።»

አልተቆጣም። የሰጠችውን ወረቀት አራት ቦታ አጥፎ ከካርዱ ጋር ጠቀለለው። በሩ ጋ ሲደርስ ቆቡን አደረገ፣ አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። እኔ ያንን አየሁ። ልጄ ጓንቷን እያወለቀች ስለነበር አላየችም።

ወሬው በልብስ ሰፊው በኩል መጣልን። ሽማግሌው ከጡረተኞቹ ጋር ዳማ የሚጫወትበት ቦታ ልብስ ሰፊውም ይሄዳል። ሹፌሩ ስለዚያ ካርድ ለዓመታት ሲያወራላቸው ኖሮ ኖሮ፣ ወረቀቱን ባዩ ጊዜ «ፈራሚው» የሚል ስም አወጡለት። ራስህ ነህ የፈረምከው ማለታቸው ነው። «ፈራሚው፣ እስቲ የእኔንም ፈርምልኝ!» እያሉ እስክሪብቶ ያቀብሉታል። ለቀልድ ነው፤ ነገር ግን መምጣቱን ተወ።

ይህን ስነግራት ልጄ፣ «እማዬ፣ ያየሁትን ነው የጻፍኩት» አለችኝ። ምሳዋን ግን ሳትነካው ተነሣች።

ዘንድሮ አንዲት ሴት ትልቅ መዝገብ ታቅፋ መጣች። አባቷ የበረኛው ክለብ ዕቃ ቤት ጠባቂ ነበር። ዕቃ ቤቱ ሲፈርስ ያገኘችው ነው። ተጫዋቾቹ ጫማና ጓንት ሲወስዱ «ተረክቤያለሁ» ብለው የሚፈርሙበት መዝገብ ነበር። ልጄ ገልጣ ስታይ እጇ ቀጥ አለ። መዝጊያው በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አርባ አንድ ጊዜ ጓንት ወስዷል። አርባ አንድ ፊርማ! ለታይታ ሳይሆን፣ ልምምድ እንዳይረፍድበት እየተጣደፈ የፈረመው። በአንዱ ላይ ዝናብ ጠብ ብሎበታል። በሌላው ጣቱ በፋሻ ታስሮ ነበር መሰለኝ፣ እስክሪብቶውን በጡጫው ጨብጦ ፈርሟል፤ መስመሩ ወፈር ብሏል። ወጣት ሆኖ ጀምሮ ሲጎለምስ፣ ሲደክም፣ ፊደል ላይ ፊደል እየተወ ስሙን ሲያሳጥር ይታያል። ሁለታችንም እንደ ሕፃን አፋችንን ከፍተን ገጹን እንገልጣለን። የሰው ዕድሜ በጓንት ሲቆጠር አይቼ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ልጄ ፊርማዎቹን ከመጀመሪያው ጀምራ እንደገና አየቻቸው።

«እማዬ፣ አንድም ቦታ አይንቀጠቀጥም። ፋሻ ታስሮ እንኳ አይንቀጠቀጥም።»

ከቆርቆሮዋ ሠላሳ አንደኛውን አወጣች። እሱ ይንቀጠቀጣል። ያኔ አንሥታ ያስቀመጠችውን የሽማግሌውን ካርድ ፎቶ አወጣች። እሱ ከመዝገቡ ጋር አንድ ነው።

«ያ ሰውዬ ያን ቀን ምን ሊል ነበር?»

«አላስጨረስሽውም» አልኳት። «አውቶቡሱን ብሎ ነው የቆመው።»

መዝገቡን ዘጋችው። ስሟ ያለው በዚያ ዓይኗ ላይ ነው። ሰው ከሩቅ የሚመጣው አጉሊ አትሳሳትም ብሎ ነው። የእናት ነገር ሆኖብኝ፣ የማይባለውን አልኩ፦ «ልጄ፣ ማን ያውቃል ብለሽ ነው?»

«እሱ ያውቃል እንጂ» አለችኝ። «ስድስት ዓመት ሙሉ ሲያውቅ ነው የኖረው።»

በማግሥቱ ጠዋት ልብስ ሰፊው ባመላከተን መንገድ ሄድን። በሩን የከፈተችው የሹፌሩ ሚስት ናት። በልጄ አንገት ላይ ያለውን መነጽር እንዳየች ወደ ውስጥ ዞራ፣ «ሰማህ? ያቺ መጥታለች!» አለች። ሳሎናቸው ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ላይ የልጆች ምርቃት ፎቶ ተደርድሯል። በፎቶዎቹ መካከል ቀለሙ ያልደበዘዘ፣ መዳፍ የምታክል ቦታ ባዶዋን ቀርታለች።

«ምስማሩን ሳይቀር ነቅሎታል» አለች ሚስቱ፣ ዓይኔን ተከትላ።

ሽማግሌው ወጣ። ልጄ ሳትቀመጥ፣ «አባባ፣ ያቋረጥኩዎትን ልሰማ ነው የመጣሁት» አለችው።

«ኧረ ቁጭ በይ፤ እናትሽም ይቀመጡ» አለ። ከዚያ ነገረን። የቡድኑ ሹፌር እሱ ነበር። ቡድኑ ለውጭ ጨዋታ ከካምፕ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሲሄድ፣ ጊዜ ስለጠፋ የካርዱ ድርጅት ሰው ሃምሳውን ካርድ ይዞ አውቶቡሱ ላይ ወጣ። መዝጊያው ከሹፌሩ ኋላ ተቀምጦ፣ የጓንት ሻንጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ሰውየው በተራ ሲያቀብለው ይፈርማል። መንገዱ ያኔ ተቆፍሮ ነበር።

«አርባ ዘጠኙን ጨረሰ። ሃምሳኛውን ሲይዝ፣ ‹ይሄንን ለሹፌሬ ነው የምሰጠው› አለ። የድርጅቱ ሰው ቅር አለው፤ ግን መዝጊያውን ማን ይከለክለዋል? ‹እስቲ ዳር ያዝ› አለኝ፣ ‹ያንተን እንዳላበላሸው።› ቆምኩለት። በመስታወቴ እያየሁት ፈረመ።»

ልጄ ቦርሳዋን ከፍታ የሃያ አራቱን ካርዶች ፎቶ በቁጥራቸው ጠረጴዛው ላይ መደርደር ጀመረች። ሽማግሌው መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ አለ። የመጀመሪያዎቹ ላይ መስመሩ በመጠኑ ነው የሚርገበገበው። «ይሄ ከካምፑ በር እስከ ገበያው ነው፤ አስፋልት ነበር» አለ። አሥራ ሦስተኛው ላይ ፊርማው መሀል ላይ ዘሎ ወደ ላይ ወጥቷል። ሽማግሌው ጣቱን አሳረፈበት። «የባቡር ሐዲዱ!»

ልጄ እጁን ያዘችው። ከቀጣዮቹ አንዱን ፎቶ ገልብጣ አስቀመጠችው። «እያዩ አይገምቱ፣ አባባ። ሳያዩ ይንገሩኝ። ይሄ ሃያ ሰባተኛው ነው።»

ዓይኑን ጨፈነ። እጆቹ ጉልበቱ ላይ ሆነው መሪ ይዘው ነበር፤ ወደ ግራ ሲያዞር አየሁት። «ከሐዲዱ በኋላ ኮረኮንች... ኮረኮንች... ሃያ አምስትን ሲጨርስ ድልድዩ ላይ ወጣን። ድልድዩ ሦስት መገጣጠሚያ አለው። ከሃያ ስድስት ወይ ከሃያ ሰባት አንዱ ሦስቴ መዝለል አለበት።»

ልጄ ገለበጠችው። ሦስቴ ዘሏል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ በእኩል ርቀት።

አንድ ሰው ስሙን የጻፈ መስሎት መንገዱን ሁሉ ጽፎት ሄዷል፤ ሐዲዱን፣ ድልድዩን፣ ጉድጓዱን። ያን መንገድ ማንበብ የሚችለው ደግሞ በዚህ ምድር ላይ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱንም እኛ ዝም አሰኝተነው ኖረናል።

ሽማግሌው ከፎቶዎቹ ቀና አለ። «እንግዲያው ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ስታጠኚ የኖርሽው የእሱን እጅ ሳይሆን የእኔን አነዳድ ነዋ!»

«ሠላሳ ዓመት ቀስ ብለህ ንዳ ስለው ኖሬአለሁ» አለች ሚስቱ። «ተመስገን፣ ማስረጃው ይኸው መጣ።»

ልጄ እስኪያስነባት ሳቀች። ሳቁ አለቀ፣ እንባው ግን አላለቀም። ሽማግሌው መሐረቡን ሰጣት፤ ያው ካርዱን የሚጠቀልልበትን። ካርዱ ራሱ አሁንም በደረት ኪሱ ነበር። እዚያው ጠረጴዛ ላይ ዳግመኛ አየችውና አዲስ ወረቀት ጻፈች። እንዲህ ይላል፦ «ሃምሳኛው ካርድ። ፊርማው የመዝጊያው ነው። አውቶቡሱ ቆሞ ነበር።» አሮጌውን ወረቀት እንዲመልስላት ስትጠይቀው እንቢ አላት።

«ይቀመጥ። ሁለቱም አብረው ይቀመጡ። ልጆቼ ሁለቱንም ያንብቡ።»

እሷም ቤት ስንመለስ ማስታወሻዋን አውጥታ «እጁ ይንቀጠቀጣል» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘችው፤ እንዲነበብ አድርጋ። ለሰብሳቢዎቹ ሁሉ ተሳስቼ ነበር ብላ ጻፈች። አንዳንዶቹ ሳቁባት። አንዱ ካርዱን ሊያስመረምር የነበረ ሰው ሐሳቡን ቀይሮ ሌላ ጋ ሄደ። እሷ ግን አሁንም መጀመሪያ በመነጽሯ አይታ ስትጨርስ፣ መነጽሩን ታወርድና «እሺ፣ አሁን ታሪኩን ይንገሩኝ» ትላለች። ሁሉንም ታምናለች ማለት አይደለም። ግን ታስጨርሳቸዋለች።

ባለፈው ሳምንት ሹፌሩ ስልክ ደወለ። ወረቀቱን ይዞ ዳማው ቦታ ሄዶ ነበር። ልብስ ሰፊው ጮክ ብሎ አንብቦላቸዋል። አሁን «ፈራሚው» መባሉ ቀርቷል። «አንቀጥቃጩ» ነው የሚሉት። ይህን ሲነግረን ድምፁ ከስልኩ ውጭ ሁሉ ይሰማ ነበር።

ሊዘጋ ሲል ልጄ፣ «አባባ፣ ሠላሳ አንደኛው የት ላይ ነው የተፈረመው? እሱ ከሌሎቹ ይሻላል» አለችው።

«ዳገቱ ላይ ነው። ከፊቴ ከባድ መኪና ነበር። ቀስ ብዬ ነው የነዳሁልሽ።»

ስልኩን ዘግታ ቆርቆሮዋን ከፈተች። «እማዬ፣ ነይ እዪ» አለችኝ። መነጽሩን ዓይኔ ላይ አደረግሁ። መስመሩ በቀስታ፣ በቀስታ ይርገበገባል። ዳገቱ ይታየኛል።