የወይዘሮ ነገ አራት ቀን
መምህሩ ለሚስቱ ያወጣላት ስም «ወይዘሮ ነገ» ነበር። ለተረብ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ለአንድ ዓመት ብሎ ሰው አገር ሒሳብ ሊያስተምር ሲመጣ እሷንና የአራት ዓመት ልጃቸውን ይዞ መጣ፤ ውሉ ሁለት ጊዜ ታደሰና አንዱ ዓመት ሦስት ሆነ። ሴትዮዋ ግን እግሯ እንጂ ልቧ አልመጣም። መጋረጃም ይሁን ብርጭቆ፣ ደህና ነገር በገዛች ቁጥር «ነገ አገራችን ስንገባ» ትልና፣ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ ያለውን ቡናማ ሻንጣ አውርዳ እሱ ውስጥ ትከተዋለች። ከዚያ መልሳ በገመድ ጥፍር!

እዚህማ በምን ዕድላቸው! ትምህርት ቤቱ በሰጣቸው ቤት መስኮቱን የሚሸፍነው ያረጀ አንሶላ ነው። ሻይ የሚጠጡትም ጆሮው በተሰበረ ኩባያ።

እሷን ምንም አልጎደላትም፤ ሌላ ቤት ነበራታ። እጇ እዚህ ዕቃ ሲያጥብ፣ እሷ ወደፊት አገሯ በሚሠራው ቤት በረንዳ ላይ ትቆማለች። አረንጓዴውን መጋረጃ ሰቅላ ራቅ ብላ ታየዋለች፤ ትንሽ ወደ ግራ ትስበዋለች። ልጇ ቢጫ ቀሚስና ነጭ ጫማ አድርጋ በረንዳው ላይ ትሮጣለች። ውሃው ይፈሳል፣ ቤቱም እየሰፋ፣ እየሰፋ ይሄዳል። ስንት ቀን ነው ያረረ ሩዝ ሸትቷት የተመለሰችው!

«የት ነበርሽ?» ይላታል መምህሩ።

«እዚሁ ነኝ።»

ቀሚሱና ጫማው በመጡ በወሩ የተገዙ ናቸው። ለእናቷ በስልክ «ልጅቷን እንደ ሙሽራ አልብሼ ነው የማመጣልሽ» ብላ ቃል ስለገባች፣ ለዚያ ቀን ተብለው ከሻንጣው ሥር ተቀመጡ። ሌላው ሁሉ ቢቀር ያ ቀን እንዲያምርላት ነበር ምኞቷ።

አገራቸው ሊገቡ አራት ቀን ሲቀራቸው መምህሩ ከትምህርት ቤት ሚዛን ተውሶ መጣ። ሻንጣውን በመንጠቆው አንጠልጥሎ እያቃሰተ «ሰባት ኪሎ ትርፍ! ክፈቺው፣ መቀነስ አለበት» አለ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ተከራከረች። ሒሳብ አስተማሪን በቁጥር የሚረታ ማን አለ? ከሰዓት ነበር፤ ፀሐይዋ በአንሶላው ቀዳዳዎች ገብታ ወለሉ ላይ ተበትናለች። ገመዱ ሲፈታ የአዲስ ጨርቅ ሽታ ቤቱን ሞላው፤ ያ የበረንዳ ቤት ተጣጥፎ እፊቷ የተቀመጠ መሰላት። ቢጫውን ቀሚስ አወጣችና ልጇን ጠራቻት።

ቀሚሱ ጭንቅላቷን አልፎ ትከሻዋ ላይ ቀረ። ጫማውማ ጣቶቿን እንኳ አላስገባም።

«እማዬ፣ የማን ነው?»

«ያንቺ ነው፣ እናቴ።»

«መቼ ለብሼው አውቃለሁ?»

ያኔ ሆድ ባሳት። ልጅ እንደሚያድግ ማን ያጣዋል! በረንዳው ላይ የምትሮጠው ልጅ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ጣት አላደገችም ነበር። ይቺኛዋ ጥርሷን የነቀለችው፣ ማንበብ የጀመረችው እዚህ ነው፣ እናቷ ወዲያ መጋረጃ ስታስተካክል። «የት ነበርኩ?» አለችና ጮክ ብላ አለቀሰች። መምህሩ ሚዛኑን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

ለቅሶው ሲወጣላት አንሶላውን ከመስኮቱ ቦጭቃ ጣለች። ከሻንጣው አረንጓዴውን መጋረጃ አነሳች።

«አበድሽ እንዴ? አራት ቀን ቀርቶን?»

«ታዲያ አራቱን ቀን ልኑርበታ! ወንበሩን ያዝልኝ።»

ቤቱ አረንጓዴ ሆነ። ሦስቱ ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ እስኪመስሉ ድረስ አረንጓዴ። አዲሶቹ ብርጭቆዎች ወጡ፤ አንዱ ሲሰበር ሳቀች፣ እሷ! ቀሚሱን ከታች ለምትኖረው ልብስ ሰፊ ትንሽ ልጅ ሰጠቻት፤ ትንሿም ወዲያው ለብሳው ደረጃውን ወጣች ወረደች። ለካ መምህሩ ፈተና ሲያርም ያንጎራጉራል። ለካ አሥር ሰዓት ላይ ፀሐይ ልክ የልጇ ትራስ ላይ ታርፋለች። «እዚህ ቤት ብርሃን ነበር እንዴ?» እያለች ከክፍል ክፍል ትዞር ነበር።

በመጨረሻው ጠዋት ተተኪው መምህር ሚስቱን ይዞ መጣ። ሚስቲቱ ልጅ እግር ናት፤ ሕፃን አቅፋለች።

«መጋረጃው ሲያምር!»

«ላንቺ ትቼዋለሁ፣ እህቴ።»

«አይ፣ እኛ እኮ ለአንድ ዓመት ብቻ ነን» አለችና፣ በገመድ የተጠፈረውን ሻንጣዋን ለባሏ አሳየችው። «እሱን ቁም ሳጥኑ ላይ አውጣልኝ፤ ለአገራችን ነው።»

ታች ታክሲው ጥሩምባውን ይነፋል። ልጅቷ የዘወትር ሹራቧን ለብሳ ደረጃው ላይ ቆማለች፤ መምህሩ «ኧረ ነይ፣ አውሮፕላኑ አይጠብቅሽም!» ይላል። ወይዘሮ ነገ ግን ተመልሳ ወጥ ቤት ገባችና መቀስ ይዛ ወጣች። የሰው ሻንጣ ነው፤ ፈቃድ እንኳ አልጠየቀችም። በርከክ ብላ ገመዱን ቆረጠችው።

«ስንት ወሯ ነው?» አለች ወደ ሕፃኗ ቀና ብላ።

«አምስት።»

«በይ የደህና ቀን ልብሷን አውጪ። ዛሬውኑ አልብሻት።»