እስኪነቃ ድረስ

ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል፣ የካንሰር ክፍሉ በር ላይ ሽማግሌው ከጎኔ ተቀምጠዋል። መቋሚያቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመዋል፤ ዕድሜ ልኩን ማሕሌት ያገለገለ ድምፃቸው ሹክሹክታ ሆኗል። አንገታቸው ላይ ያለውን እብጠት በነጠላ ሸፍነውታል።

ነርሷ ባዶውን የካፕሱል ብልቃጥ ተቀበለቻቸው። «ሁሉንም ዋጡት፣ አባቴ?»

«መዋጡንስ ተውሁት፤ ሆዴን አቃጥሎ ጠጕሬን ጨረሰው። በሰው አገር፣ ደም ውስጥ ተኝቶ ሄዶ እብጠቱ ጋ ሲደርስ ብቻ የሚነቃ መድኃኒት እየተሞከረ ነው ሲሉ ሐኪሙን ሰማሁ። እኔም ካፕሱሉን እየከፈትሁ፣ ከቤተ ክርስቲያን የእምነት አመድ ጋር በጠበል ለውሼ እዚያው እብጠቱ ላይ ቀባሁት።»

ነርሷ ነጠላውን ገለጥ አድርጋ አየች፤ ወዲያው መልሳ ሸፈነችው።

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ የተማርህ ትመስላለህ፤ መድኃኒቱ ለመንቃት ስንት ቀን ይፈጅበታል?»